አክስቴ በደሟ አንደኛ የወጣች ቀን

አክስቴ በምንም ነገር ሁለተኛ መውጣት አትወድም። ለቅሶ ቤት ከሄደች ከሟች ሚስት በላይ ካላለቀሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። ወረፋ ላይ ከቆመች ከፊቷ ያለውን ሰው ማጅራት እያየች «ይሄ ደግሞ ምን ብሎ ነው የቀደመኝ?» ትላለች። ቀድሞ ስለመጣ ነዋ! ጎረቤታችንን ጉንፋን ሲይዛት አክስቴ ሳል ትጀምራለች፤ ለዚያውም ከበድ ያለውን።

ስለዚህ ልቧ ሲታመም እንደማንም ሰው ልብ ዝም ብሎ አልታመመም። በሩ ተበላሸ። ልብ በር እንዳለው እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ሐኪሞቹ ደረቷን ከፍተው የድሮውን አወጡና የብረት በር ገጠሙላት። ቤቱ ጸጥ ሲል ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ሰዓት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ስትዋሽ አውቅባታለሁ፤ ቀጭ ቀጩ ይፈጥናል።

ችግሩ፣ ደም ብረት ላይ መርጋት ይወዳል። ከረጋ በሩ ይቀረቀራል፤ በሩ ከተቀረቀረ አክስቴ የለችም። ከሕፃንነቴ ጀምራ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች እኔን ማን እንደሚሰድበኝ አላውቅም። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን ክኒን ዕድሜ ልኳን ትውጣለች፤ በየወሩም ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ ትለካለች። የማጅባት እኔ ነኝ።

የጤና ጣቢያውን ነገር ልንገራችሁ። የላብራቶሪው ማሽን የሚያትምበት ወረቀት ካለቀ ቆይቷል። «ይመጣል» ይባላል። እስኪመጣ ድረስ የላብራቶሪው ሰውዬ ውጤቱን ከማሽኑ ያነብና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከግቢው ማዶ ላለችው ሲስተር ይጮህላታል። መሃል ላይ ያለነው እኛ ነን፤ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን። ሰውዬው ድምፁን እግዜር ሲሰጠው አልመጠነለትም። መለከት ነው የሚባለው፤ እናቱ ምን ብላ እንደጠራችው የሚያውቅ የለም። ሚስጥር ብሎ ነገር የለም፤ አጥሩ ጥግ ጫማ የሚጠርገው ልጅ እንኳ የእያንዳንዳችንን ደም ያውቃል።

«ልብስ ሰፊዋ!» አለ መለከት ያን ቀን፤ አክስቴን ነው። «አንድ ነጥብ ሰባት!»

አግዳሚው «እ...ህ» አለ።

«ጋሽ ፍሬን! ሁለት ነጥብ ዘጠኝ!»

አግዳሚው አጨበጨበ።

ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ፍሬን የተባሉት ፍሬን ስለማይዙ ነው። እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ አንድ ጊዜ ወደዚያኛው ዓለም ሊነዳቸው ነበር፤ ስለዚህ እሳቸውም የክኒኑ ደንበኛ ናቸው። ተነስተው ቆባቸውን አወለቁና ለአግዳሚው ግራና ቀኝ እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው፣

«አይዞዎት እመቤት» አሉ። «ለሚቀጥለው በርትተው ያጠናሉ።»

ቀጭቀጭቀጭቀጭ አለ ደረቷ። ይሄኛው ውሸት አልነበረም፤ ንዴት ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ከአግዳሚው ላይ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ትልቁ ጎበዝ፣ ትንሹ ሰነፍ፤ ለዚህ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ አንደኛ ክፍል ገብቶ መውጣት ይበቃል። ሲስተር ደግሞ አንድ ራሷን ናት፤ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው። አክስቴ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል፣

«ዝቅ ብሏል፤ በቀን አንድ ክኒን ከሩብ አድርጊው፤ ቀጣይ!» አለቻት።

መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ስትል የነበረው። «ዝቅ ብሏል አለችኝ። እኔን! ዝቅ!»

ከዚያ ቤታችን ውስጥ ልምምድ ተጀመረ።

ፋርማሲው ውስጥ ያለው ክኒን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ትልቁ። ትንሹ «ይመጣል»። ስለዚህ ሩብ የታዘዘለት ሰው ራሱ ቆርጦ ሩብ ያደርጋል። አክስቴ የምትቆርጠው በጨርቅ መቀሷ ነው። መቀሱ ቀጭ ሲል ክኒኑ ቱር ብሎ ይበራል፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ ከስፌት መኪናው ሥር እፈልጋለሁ። አንዳንዴ የማገኘው ክኒን ነው፣ አንዳንዴ የጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ስባሪ። ሁለቱም ሮዝ ናቸው።

«ይሄ ጠመኔ ይመስለኛል እትዬ።»

«እፍ በይበትና አምጪ።»

የተረፉትን ቁርጥራጮች የቁልፍ ቆርቆሮዋ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር። አንድ ቀን ጠዋት ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ስትነክስ ጥርሷ ሊወልቅ ነበር። ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። ሩብ ቁጥር ከፍ ካደረገ፣ ግማሽ የበለጠ ከፍ ያደርጋል፤ ግማሽ ካደረገ ደግሞ... አክስቴ ሒሳብ ትወዳለች።

በዚያ ላይ ከአግዳሚው የቃረመችው ወሬ ነበር። አንዲት አትክልት ሻጭ አለች፤ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ስትናገር ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል። «እኔን እኮ ከፍ እንዳልል ያደረገኝ ጎመን ነው» ብላ ነበር። «ሳይሸጥ የተረፈኝን ስለምበላ። ቅጠል ቁጥር ይጎትታል አሉኝ።»

አክስቴ በማግስቱ ቅጠል የሚባል ነገር ከቤት አጠፋች። በሦስተኛው ቀን ግን እቅፍ ሙሉ ጎመን ይዛ ገባች።

«ልንበላ ነው?» አልኩ።

«ማን ይበላል? ለጋሽ ፍሬን ትወስጂላቸዋለሽ።»

«ለምን?»

«ለአክብሮት ነዋ! ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።»

ቀጭቀጭቀጭቀጭ። እንዴት ያለ አክብሮት ነው እቴ!

ወሰድኩ። ጋሽ ፍሬን በፒጃማ በር ከፈቱልኝ፤ ጎመኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እመቤት ናት የላከችው? ለእኔ?»

«ለአክብሮት ነው ብላለች።»

ሌላ ቀን ስወስድላቸው ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው፣ ሽቶው ከእሳቸው ቀድሞ በሩን ከፈተልኝ። «ንገሪያት» አሉኝ፤ «አንዲት ቅጠል እንዳላስቀረሁ ንገሪያት። ጠዋትም ማታም። ግንዱን እንኳ አልጣልኩትም።» ከበሩ ወጥቼ ጥጉ ድረስ አፌን ይዤ ሮጥኩ፤ ከዚያ ሳቄን ለቀቅኩት። አላግጣለሁ እንጂ አንጀቴንም በልተውኛል። አንድ ሰው ገዳዩን እየጠበቀ ክራቫት ሲያስር ማየት ቀላል አይደለም።

ሳቄ የቆመው በአክስቴ አውራ ጣት ነው።

የሙሽራ ልብስ እየሰፋች ነበር፤ ነጭ፣ እስከ መሬት የሚደርስ። መርፌ ጠቅ አደረጋት። መርፌ የሰፊ ጎረቤት ነው፣ በቀን ስንቴ ይወጋታል። ግን ያን ቀን ደሙ አልቆመም። ጣቷን ጠባች፣ በጨርቅ አሰረች፣ ጨርቁ ቀላ፤ ሌላ አሰረች፣ ያም ቀላ። ከዚያ ልብሱ ደረት ላይ ጠብ አለ። አክስቴ ምን አደረገች? በቀይ ክር ዙሪያውን ጠልፋ አበባ አደረገችው። ሙሽራዋ መጥታ «ይሄን አበባ እኮ አላዘዝኩም» ስትል፣

«ምርቃት ነው» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። ጥርሷን ስትፍቅ የምትተፋው ቀይ ነው። የጠረጴዛው ጥግ ትንሽ የነካው ጭኗ ላይ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ነገር ወጥቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ደግ አይመስለኝም። እንሂድና ለሲስተር እናሳያት።»

«ምን ብዬ? ደሜ ቀጠነልኝ ብዬ? እንዲቀጥን አይደል እንዴ የምውጠው! ሥራውን እየሠራ ነው፤ እሰይ!»

«ታዲያ ለምን ትደማለሽ?»

«አንቺ ምላሳም፣ ያለ ልፋት ማዕረግ አለ?»

መለኪያው ቀን ሲደርስ የዓመት በዓል ይመስል ተኳኩላ ሄደች። ጋሽ ፍሬን ክራቫታቸውን አድርገው አጠገቧ ቦታ ይዘውላት ጠበቁ። ደም ተቀዳ። የአክስቴ ክንድ ላይ የተለጠፈው ጥጥ ቶሎ ቶሎ ይቀላል፤ እኔ ተጭኜ ይዤዋለሁ።

መስኮቱ ተከፈተ።

«አትክልት ሻጯ! ሁለት ነጥብ ሦስት!» ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

«ጋሽ ፍሬን! አንድ ነጥብ ሁለት!»

አግዳሚው ደነገጠ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከሥሩ ፈገግታው በግራና በቀኝ ያመልጣል። «ውይ ጋሽዬ፣ ምን ነካዎት? አላጠኑም እንዴ?»

ጋሽ ፍሬን አልተቀየሙም። «የሰው ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን...» ብለው ክራቫታቸውን ነካኩ።

የአክስቴ ተራ ነበር። መለከት አንገቱን አወጣ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። መልሶ ገባ። መስኮቱ ባዶ ቀረ። ከዚያ የላብራቶሪው በር ተከፈተና መለከት ራሱ ወጣ። እግር እንዳለው ያን ቀን ነው ያየነው! ግቢውን አቋርጦ ወደ ሲስተር ሄደና በጆሮዋ አንሾካሾከ።

አክስቴ ብድግ አለች። «ምነው? የሰው ሁሉ ሲጮህ የእኔ በሹክሹክታ? ጩህ እንጂ!»

«እትዬ ልብስ ሰፊ፣ ይቀመጡ...» አለ መለከት። ቀስ ብሎ ሲናገር ድምፁ ያሳዝናል።

«ጩህ አልኩህ!»

«ስድስት ነጥብ ሁለት» አለ።

አግዳሚው በሙሉ ተነሳ። ጭብጨባ፣ ፉጨት። አንዱ ክራንቹን አነሳ። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ እጅ ስትነሳ ሲስተር በሩጫ መጣች፤ እንደዚያ ስትሮጥ አይተናት አናውቅም። ክንዷን ለቀም አድርጋ፣

«አልጋ ላይ! አሁን! ማንም እንዳይነካት፣ ማንም እንዳይገፋት!»

«ሽልማቱ አልጋ ላይ ነው የሚሰጠው?» አለች አክስቴ።

ክፍሉ ውስጥ አስተኛቻት። ጋሽ ፍሬን፣ መለከትና ግማሹ አግዳሚ ተከትለው ገቡ፤ የሚያስወጣ ሰው የለም። ሲስተር ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ አገላበጠች፣ ዘጋች። ለእንዲህ ዓይነቱ ማርከሻ መርፌ ነበረው፤ አልቋል። «ይመጣል» ልትል ስትል ራሷን ያዘች።

«ስሚኝ» አለቻት። «ክኒኑን ታቆሚያለሽ። እዚሁ ተኝተሽ እየተለካሽ እስኪወርድ ትጠብቂያለሽ። ብትወድቂ፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ቢደማ፣ የምሰጥሽ ነገር የለኝም።»

«እስኪወርድ?» አክስቴ ቀና አለች። «አንዴ አንደኛ ወጥቼ ተመልሼ ልውረድ? ምቀኝነት ነው! ልጄ፣ ጫማዬን አምጪ።» እጇን ኪሷ ውስጥ ስታስገባ የቆርቆሮዋን ድምፅ ሰማሁ። ሸሽ ሸሽ። ይዛው መጥታለች! መንገድ ላይ ልትጨምርበት!

ይህቺ ሴት ጫማዋን አድርጋ ከዚህ በር ከወጣች በእግሯ እንደማትመለስ ገባኝ።

«ለመሆኑ ቁጥሩ ስንት መሆን አለበት?» ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር ገረማት። «ከሁለት እስከ ሦስት ነዋ! ለሁላችሁም መጀመሪያ ስትመጡ ነግሬያችኋለሁ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«የነገርሽን ቀን» አሉ ጋሽ ፍሬን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ይጮህ ነበር። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይተናል።»

«ታዲያ ራሳችሁን ስትነቀንቁ የነበረው?»

«ለአክብሮት ነው።»

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ከሁለት ከወረደ ይረጋል፤ ከሦስት ብዙ ካለፈ ይፈሳል» አለች፤ ግን አክስቴ እግሯን ከአልጋ አውርዳ ጫማዋን በጣቷ እየፈለገች ነው። ፍልስፍና አይገባትም። የሚገባት አሸናፊና ተሸናፊ ብቻ ነው።

ጫማዋን ቀድሜ አነሳሁት። አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ መሬት ላይ አቆምኳቸው።

«ይሄኛው ሁለት ነው፤ ያኛው ሦስት ነው። ጎል ነው፤ ገባሽ?»

ከሲስተር ጠረጴዛ ጥቅል ፋሻ አነሳሁና መታሁት። በጫማዎቹ መሃል አለፈ። «ይሄ ሰው በሕይወት አለ!» መልሼ አመጣሁና ከግራ ጫማ ውጪ አጉል ሰደድኩት። «ይሄ ጋሽ ፍሬን ናቸው!»

«ወጣብኝ» አሉ ጋሽ ፍሬን፤ ኳስ ያውቃሉ።

ሦስተኛውን ባለ በሌለ ኃይሌ ለጋሁት። ከቀኝ ጫማ ርቆ፣ በበሩ ወጥቶ፣ የመለከትን ጉልበት ገጭቶ ኮሪደሩ ላይ እየተተረተረ ሄደ።

«ይሄ ደግሞ አንቺ ነሽ እትዬ። ጎረቤት ግቢ ነው የገባሽው።»

አክስቴ የተተረተረውን ፋሻ በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ፣

«ታዲያ ዛሬ ያገባ የለም?»

መለከት ጉልበቱን እያሻሸ አሰበ። «አትክልት ሻጯ ናት። ሁለት ነጥብ ሦስት። ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም ያው ነበረች።»

ሁሉም ዞረ። አትክልት ሻጯ በሩ ጋ ቆማ «ይቅርታ» አለች።

«እሷ?!» አለች አክስቴ። «እሷ ናት አንደኛ?!»

ቆርቆሮዋን ከኪሷ አወጣችና ሲስተር እቅፍ ውስጥ ወረወረችው። ቁልፉና ክኒኑ ተዘረገፈ። ከዚያ ተመልሳ ተኛች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። «በሉ ቶሎ አውርዱኝ። ጎመን አምጡልኝ፣ ክምር!»

«ቀስ!» አለች ሲስተር። «በአንዴ ወርደሽ ደግሞ እንዳትረጊብኝ። ጎመንም በልክ ነው፤ ሁልጊዜ እኩል እኩል። ጋሽ ፍሬን ይሄን ያህል የወረዱት በምን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።»

ጋሽ ፍሬን ቀስ ብለው ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴ ወደ ጣሪያው ዞረች። ቀጭቀጭቀጭቀጭ።

«ያ ሁሉ ጎመን...» አሉ።

«ለአክብሮት ነው» አልኩ እኔ፣ ሌላ የሚባል ስላልነበረ።

ጋሽ ፍሬን ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እኔ እኮ ግንዱን ሳይቀር ነው የበላሁት» አሉ። ሲስተር ይዛቸው ወጣች፤ ለእሳቸው ደም እንዳይረጋ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ጀመረችላቸው፣ እሱ እንኳ ነበር።

አክስቴ እዚያው አልጋ ላይ ቆየች። ደሟ ሲወርድ እንደ መነኩሴ ታገሰች ብል እዋሻለሁ። ሲስተር በመጣች ቁጥር «ጎል ደረስኩ?» ትላለች። «ገና ነሽ።» «አትክልት ሻጯስ?» «እሷ ቤቷ ናት።» ከዚህ በላይ የሚያሳምማት አልነበረም። ጋሽ ፍሬን አንድ ቀን ብቅ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አክስቴ ለማንም ያላለችውን ቃል፣ ይቅርታን፣ ግማሹን አወጣችው፤ «ይቅር» ካለች በኋላ ሳሏ መጣ። እሳቸውም ለቀሪው ግማሽ አላስጨነቋትም።

በሚቀጥለው መለኪያ ቀን አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ወረቀቱ አልመጣም። ሲስተር ግን ጄኔሬተሩን አስጠፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ አቁማ፣ አዲስ ለመጡት ሁሉ ጎሉን አሳይታ ጨርሳለች።

«ልብስ ሰፊዋ!» አለ መለከት። አክስቴ እጄን ጨበጠች፤ ጥፍሯ ገባብኝ። እኔም ጨበጥኳት።

«ሁለት ነጥብ አምስት!»

«ጎ...ል!» አለ አግዳሚው። እኔ ስሚኝ ሳትለኝ ሳምኳት፤ እሷ ሻሿን አውልቃ እያውለበለበች ግቢውን ዞረች።

«ጋሽ ፍሬን! ሁለት ነጥብ አምስት!»

አክስቴ ባለችበት ቆመች። «እኩል?»

«እኩል» አለ መለከት።

ሲስተር ጋ ገባን። «በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ምንም አትጨምሪ፣ ምንም አትቀንሺ። እንዲሁ ቀጥዪ።»

«እንዲሁ? ሌላ የማደርገው የለም?»

«የለም። ዝም ብለሽ እንዲሁ።»

አክስቴ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ታዛ አታውቅም። ጋሽ ፍሬን አጠገቧ ተቀመጡ።

«እንዲሁ ዝም በሉ ተባልን» አሉ።

«እኔ እችላለሁ» አለች አክስቴ።

«ከእኔ በላይ?»

አክስቴ ቀጥ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። እሳቸውም ቀጥ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሰዉ ሁሉ ክኒኑን ይዞ ሄደ፤ መለከት መስኮቱን ዘጋ፤ የጥበቃው ሰውዬ ዙሪያቸውን ጠረገ። ሁለቱም ንቅንቅ የለም። ዓይናቸውን እንኳ በተራ ነው የሚያርገበግቡት።

«እትዬ፣ እንሂድ እንጂ፣ ራበኝ» አልኳት።

«ሽሽሽ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «እየመራሁ ነው።»